ስለ ሰው ስምና ስለ ብድር መዝገብ

ሰው በሕይወቱ ሳለ ከሚያፈራው ሀብት ኹሉ በገበያ የማይገዛው፣ ሲጠፋም በቀላሉ የማይመለሰው ስሙ ነው። ይህ ነገር ለአባቶቻችን የታወቀ ስለ ኾነ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለው ተረቱ። ዳሩ ግን ስም የሚጠበቅበት ስፍራ በየዘመኑ ይለወጣል። ቀድሞ የሰው ስም የሚቀመጠው በጎረቤቱና በገበያተኛው አፍ ነበር። ዛሬ ደግሞ፣ ይልቁንም ገንዘብ ተበድሮ የሚነግድ ሰው ሲኾን፣ ስሙ በመዝገብ ተጽፎ፣ እርሱ በማያየው ስፍራ ተቀምጦ፣ ከማያውቀው ሰው ፊት ቀርቦ ይመሰክርለታል፤ ወይም ይመሰክርበታል። እንግዲህ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ በመዝገብ የተጻፈው ሰው እውነተኛው ሰው ነውን? ካልኾነስ፣ የሚጽፈው፣ የሚያነበውና የሚጻፍበት ሰው እያንዳንዳቸው ምን ግዴታ አለባቸው?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት የቋንቋችንን ቃል እንመርምር። በአማርኛ ብድር የሚለው ቃል ኹለት ፍች አለው። አንደኛው፣ ሊመለስ የተሰጠ ገንዘብ ነው። ኹለተኛው ግን ውለታም ኾነ በደል፣ ሰው ለተደረገለት ወይም ለተደረገበት ነገር መልሶ የሚከፍለው ነው፤ ደግ ሰው የወዳጁን ብድር ይመልሳል፣ ቂመኛም ብድሩን ሳይመልስ አይተኛም ይባላል። ከዚህ የምንረዳው፣ ብድር በሕዝባችን አሳብ የገንዘብ ቁጥር ብቻ ሳይኾን፣ ኹለት ሰዎችን እስኪፈጸም ድረስ የሚያያይዝ ነገር መኾኑን ነው። ይህም ማያያዝ በቀድሞ ዘመን በአሳብ ብቻ አልነበረም። ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪጠራ ድረስ አብረው ሲኼዱና አብረው ሲያድሩ ይታዩ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ሥርዐቱ ቀረ፤ ቃሉ ግን አልቀረም፤ ዛሬም አንድን ሰው ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ እንላለን።

ደሴና ኮምቦልቻ በንግድ የኖሩ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣውና በባቲ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ስለሚገናኙ፣ የደጋውም የቆላውም ዕቃ በእነዚህ ከተሞች ያልፋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ዱቤ ከሌለ ንግድ የለም። በሰኞ ገበያም ኾነ በአራዳ ያለው ባለሱቅ ለሚያውቀው ሰው ዕቃውን ሰጥቶ በትንሽ ደብተር ይጽፋል፤ የዕቁብ ዳኛም ዕጣ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ዋስ ጥራ ይለዋል። ይህ ኹሉ በትውውቅ ላይ የቆመ ነው፤ አባቱን ዐውቃለሁ፣ ሱቁን ዐውቃለሁ፣ አምና የወሰደውን መልሷል እየተባለ ሰው ይታመናል። ባንክም ወደ ደሴ የመጣው ዛሬ አይደለም፤ በ1923 ዓ.ም. የአቢሲንያን ባንክ ተክቶ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባንክ ቅርንጫፍ ከነበረው ከተሞች አንዲቱ ደሴ ነበረች። ከዚያም ወዲህ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልኾነ በቀር እንዳይረጋገጥ ወሰነ። እንዲህ እያለ የሰው ቃል ከአፍ ወደ ወረቀት ተሻገረ።

ይህ መንገድ ያደረሰን ዛሬ ወዳለው መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ የብድር መረጃ ማዕከልን ሥርዐት ወስኗል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ አበዳሪው ለማን ስንት እንዳበደረና ተበዳሪውም እንዴት እየከፈለ እንደ ኾነ ወደ ማዕከሉ ያስተላልፋል፤ ሌላውም አበዳሪ አዲስ ብድር ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ስም በዚያ መዝገብ ይመለከታል። ስለዚህ በደሴ የተበደሩትን ሳይከፍሉ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቍልቍል ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በሌላ ባንክ ፊት እንደ አዲስ ሰው መቅረብ አይቻልም።

የባንክ ብድር የሚመዘንበትም ደረጃ የታወቀ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍያው 30 ቀን ሳይሞላው የሚደርሰውን ብድር ከጤናማው ተራ፣ ከ30 እስከ 90 ቀን የዘገየውን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻው፣ 90 ቀን የሞላውን ከደረጃ በታች ከኾነው፣ 180 ቀን የሞላውን ከአጠራጣሪው፣ 360 ቀን የሞላውን ከጠፋው ብድር ተራ መድቦ ነበር። እንግዲህ በመዝገቡ ዓይን ሰው የሚለካው በቀን ነው።

በዚህ ነገር የመጀመሪያው ሙግት እንዲህ የሚል ነው፤ የሰውን ገመና ጽፎ ለሌላ ማሳየት ሐሜት አይደለምን? ሐሜት ነውር መኾኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሐሜትና ምስክርነት በሦስት ነገር ይለያያሉ። ሐሜተኛ ያላየውን ይናገራል፤ ምስክር ግን የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል። ሐሜተኛ ነገሩ ለማይመለከተው ኹሉ ይዘራል፤ ምስክር ግን ጉዳይ ባለው ሰው ፊት ብቻ ይቆማል። ሐሜተኛ የሚናገረው ሰውየው በሌለበት ነው፤ በምስክር ላይ ግን ተከሳሹ ቃሉን ሰምቶ መልስ የመስጠት መብት አለው። ባንክ የሚያበድረውም የራሱን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመምህሩን፣ የጡረተኛውን፣ የባልቴቷን ቁጠባ ጭምር ነው። የእነዚህን አደራ የያዘ ሰው ለማን እንደሚሰጥ ሳይጠይቅ ቢሰጥ ቸር አይባልም፤ አደራ በላ ይባላል።

ደግሞም መዝገቡ ለድኻ የሚጠቅምበት መንገድ አለ። መዝገብ በሌለበት አገር አበዳሪው የሚያምነው ቤትና መሬት ብቻ ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ዐሥር ዓመት በታማኝነት ቢከፍልም ታማኝነቱ የሚታይበት ስፍራ የለውም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ወደ መባል የተሸጋገረው ማለት ነው፣ ብዙ ዘመን መያዣ ለሌላቸው ሰዎች በቡድን ዋስትና ሲያበድር የኖረው፣ የሰው ጠባይ ራሱ መያዣ ሊኾን እንደሚችል ስላመነ ነው። ጎረቤት ለጎረቤቱ ዋስ የሚኾነው ጠባዩን ስለሚያውቅ ነው፤ መዝገብም በሚገባ ከተያዘ፣ ያንን ዕውቀት ጎረቤት ወደማይደርስበት ስፍራ ያደርሰዋል።

ኾኖም ሦስቱ ምልክቶች ካልተሟሉ ምስክርነቱ ተመልሶ ሐሜት ይኾናል። የውጭ አገር ታሪክ ይህን ያስረዳናል። ሉዊስ ታፓን የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ፣ የባርነትም ተቃዋሚ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የነጋዴዎችን ኹኔታ እየመዘገበ ለአበዳሪዎች የሚያሳውቅ ድርጅት አቋቋመ። በየከተማው ያሉ ወኪሎቹ ስለ ነጋዴው ገንዘብ ብቻ ሳይኾን ስለ ጠባዩና ስለ አኗኗሩም ይጽፉ ነበር፤ የተጻፈበት ሰው ግን መዝገቡን ገልጦ የሚመልስበት ሕግ አልነበረም። በአሜሪካ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይና ስሕተቱን እንዲከራከር የሚፈቅደው የመላ አገሩ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከታፓን መዝገብ እስከዚህ ሕግ ድረስ 129 ዓመት ማለፉን ስናስብ፣ መዝገብ መክፈት ቀላል፣ ለተመዘገበው ሰው አፍ መስጠት ግን ከባድ መኾኑን እንማራለን።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት እንዳለው ደንግጓል። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 የገንዘብ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን ስለ መጠበቅ መመሪያ አውጥቷል። ዳሩ ግን መብት በወረቀት ተጽፎ ባለቤቱ ካልተጠቀመበት ከተቈለፈ ሣጥን አይሻልም። ብዙ ሰው መዝገቡን የሚያስበው ብድር ጠይቆ የተከለከለ ዕለት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልቡ ስለሚቈጣ ነገሩን በጥሞና አይመረምርም። አስተዋይ ሰው ግን ሳይቸግረው ወደ አበዳሪው ኺዶ፣ ስለ እኔ የተላለፈው መረጃ ምን እንደሚል አሳዩኝ ብሎ ይጠይቃል።

ሲያነብም በችኰላ አይደለም። በመጀመሪያ ስሙንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይመልከት። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በወሎ ደግሞ ሰይድ፣ አሊ፣ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ይማም የሚሉት ስሞች እጅግ ስለ በዙ፣ እስከ አያት ድረስ አንድ ስም ያላቸው ኹለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ከተማ ቢገኙ አያስደንቅም። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዐይነት፣ ሌላው በሌላ ዐይነት ይጽፈዋል። ስለዚህ የአንዱ ዕዳ በሌላው ጫንቃ ላይ ሊወድቅ፣ ወይም አንዱ ሰው እንደ ኹለት ሰው ሊቈጠር ይችላል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር የሚሰጥ በመኾኑ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይህን መደናገር እንደሚያቀልለው ተስፋ ይደረጋል። እስከዚያው ግን ባለቤቱ ራሱ ይጠንቀቅ።

ቀጥሎ የብድሩን መጠን፣ የተወሰደበትንና የተከፈለበትን ቀን፣ የተመደበበትን ደረጃ፣ ደግሞም ዋስ የኾነበት ብድር ካለ ያንን ይመርምር። ተከፍሎ ያለቀ ብድር እንዳልተዘጋ ኾኖ ቢገኝ፣ ወይም ቁጥር ቢዛባ፣ ጩኸት አያስፈልግም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማዕከሉ የሚይዘው ከአበዳሪው የተላከለትን ስለ ኾነ፣ አቤቱታው በመጀመሪያ መቅረብ የሚገባው መረጃውን ለላከው አበዳሪ ነው። አመልካቹ ስሕተቱን በአጭር ቃል ጽፎ፣ ደረሰኞቹንና ዕዳው መጠናቀቁን የሚገልጸውን ክሊራንስ አያይዞ ያቅርብ፤ ለራሱም ቀን የተጻፈበትና ማኅተም የተደረገበት ግልባጭ ያስቀር። ቅርንጫፉ ባይመልስለት ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ያም ባይኾን ለብሔራዊ ባንክ ያመልክት። ደረሰኝን በየኪሱ የሚጥል ሰው ለራሱ ስም ምስክር የነሣ መኾኑን ይወቅ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሐሰት መረጃ ነው፤ የሐሰት መድኀኒቱ ማረም ብቻ ስለ ኾነ ነገሩ አያከራክርም። የሚከብደው ግን እውነት ኾኖ ሳለ እውነቱ ሙሉ ያልኾነው ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹም በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት እጅ እስኪመለሱ ድረስ ሱቅና ፋብሪካ፣ የደሴ ሆስፒታልም ሳይቀር ተዘረፈ። አኹን ኹለት ነጋዴዎችን እናስብ። አንዱ በብድር የገዛውን ዕቃ በዚያ ወራት ተዘርፎ ባዶ ሱቅ ቀረው። ሌላው በሰላም ጊዜ የተበደረውን ገንዘብ በማይገባ ነገር አባክኖ ከአበዳሪው ተሸሸገ። የኹለቱም ክፍያ 180 ቀን ዘገየ፤ የኹለቱም ብድር ከአጠራጣሪው ተራ ተጻፈ። የተጻፈው በኹለቱም ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ኹለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው እውነትን ዐውቋል ይባላልን?

አንዳንድ ሰው፣ እንዲህ ከኾነ የተዘረፈው ነጋዴ መዝገብ ይፋቅ ይላል። ይህ ከደግ ልብ የመጣ አሳብ ነው፤ ኾኖም የሚጐዳው ራሱን ነጋዴውን ነው። ያልተከፈለውን ተከፍሏል ብሎ መጻፍ ሐሰት ነውና፣ ሐሰት አንድ ጊዜ በመዝገብ ከገባ ማንም መዝገቡን አያምነውም፤ መዝገቡ ካልታመነ ደግሞ፣ ዘረፋው ካለፈ በኋላ ጥሮ ግሮ ዕዳውን የጨረሰው ሰው የሚመሰክርለት ያጣል። የሚሻለው ከእውነቱ ላይ መቀነስ ሳይኾን በእውነቱ ላይ መጨመር ነው፤ ይኸውም ስንት ቀን ዘገየ ከሚለው አጠገብ ስለ ምን ዘገየ የሚለው እንዲጻፍ፣ አንባቢውም ኹለቱን አስተያይቶ እንዲፈርድ ነው። አሪስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል፣ ሕግ ለኹሉ በጠቅላላ ስለሚነገር አንዳንዱን ጉዳይ ሊያሟላ እንደማይችል፣ ጉድለቱንም የሚያቃናው ርትዕ መኾኑን አስረድቷል። መዝገብም እንደ ሕግ ጠቅላላ ነው፤ ቀንን ይቈጥራል እንጂ ልብን አይመረምርም። ርትዕ የሚገኘው ከሚያነበው ሰው ዘንድ ነው።

ነጋዴውም በበኩሉ ዝም ማለት አይገባውም። አደጋ የደረሰበት ሰው 90 ቀን ሳይሞላ ወደ አበዳሪው ቀርቦ፣ የደረሰበትን በማስረጃ አስረድቶ፣ የክፍያው ጊዜ እንዲሻሻልለት ቢጠይቅ፣ ቢሳካለትም ባይሳካለትም ከሸሸው ሰው ተለየ። ዕዳ ያለበት ሰው ዓይነ ምድሩን አዙሮ በሌላ ጐዳና ሲያልፍ ባለገንዘቡ ከገንዘቡ ይልቅ በመናቁ ይቈጣል፤ ፊቱን ይዞ ቀርቦ የለኝም የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ይታገሠዋል።

የተበላሸ ስምን ስለ ማሻሻል የተጠየቀ እንደ ኾነ፣ መልሱ አጭር ነው። እውነተኛ የኾነን ክፉ ታሪክ በገንዘብ አጥባለሁ የሚል ሰው ቢመጣ አታላይ ነው፤ በጉቦ የተገዛ ንጽሕና ሌላ ዕዳ ነውና። ስም የተበላሸው በሥራ ከኾነ የሚታደሰውም በሥራ ነው። ያለፈውን ዕዳ በስምምነት እያቃለሉ መጨረስ፣ ከዚያም በዐቅም ልክ ትንሽ ብድር ወስዶ በቀኑ መመለስ፣ ገቢን ሳይመዝኑ ከኹለትና ከሦስት ስፍራ አለመበደር፣ መንገዱ ይህ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቴሌብር በስልክ የሚሰጥ ብድር ስላለ፣ ገንዘብ መበደር ከቤት ሳይወጡ የሚፈጸም ነገር ኾኗል። ትንሽ ናት ብሎ መርሳት ግን አይገባም፤ በጥቂቱ ያልታመነን ሰው በብዙው የሚያምነው የለም።

ስለ ዋስም ጥቂት እንናገር። በአገራችን ዘመድ ወይም ወዳጅ ዋስ ኹነኝ ሲል እምቢ ማለት እንደ ጭካኔ ይቈጠራል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው የሰውየውን ንግድ ሳይመረምር፣ ውሉንም ሳያነብ ይፈርማል። ዋስ ግን ምስክር ብቻ አይደለም፤ ተበዳሪው ቢጠፋ ከፋይ ነው። ማዘን መልካም ነው፤ ነገር ግን የልጆቹን ቤት ሳያስፈቅድ ያስያዘ አባት ማንን ቸር አደረገ? መክፈል በማይችሉት ነገር ዋስ ከመኾን፣ ከኪስ የሚቻለውን ሰጥቶ መሸኘት ይሻላል።

የቀረን ጥያቄ መዝገቡ መቼ ይርሳ የሚል ነው። በአሜሪካ ሕግ አብዛኛው ክፉ ታሪክ ከ7 ዓመት በኋላ፣ የኪሳራ ፍርድ ግን ከ10 ዓመት በኋላ ለአበዳሪ እንዳይነገር ተወስኗል። አሳቡ መልካም ነው። ሰው በ25 ዓመቱ ያጠፋው በ50 ዓመቱ ሊመሰክርበት አይገባም፤ የማይረሳ መዝገብ፣ ባለዕዳውን ከከፈለ በኋላ እንኳ የማይፈታ ቁራኛ ነው። የቀድሞው ሰንሰለት ጨካኝ ነበር፤ ነገር ግን ዕዳው በተከፈለ ሰዓት ይፈታ ነበር። የዛሬው መዝገብ ከዚያ የከፋ እንዳይኾን፣ ለክፉው ታሪክ ዳርቻ ሊኖረው ይገባል። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በዕለቱ የሚረሳ መዝገብ በታማኙና በከሐዲው መካከል ልዩነት አያደርግም፤ በመጨረሻም የከሐዲውን ዕዳ የሚከፍለው ታማኙ ይኾናል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ከኹለቱ መካከል ነው፤ መዝገቡ አበዳሪው ሊጠነቀቅ የሚገባውን ያህል ያስታውስ፤ የተመለሰው ሰው ደግሞ እንደ ገና ሊቆም የሚችልበትን ያህል ይርሳ።

እንግዲህ መጀመሪያ ለጠየቅነው መልሱ ይህ ነው፤ በመዝገብ የተጻፈው ሰውየው አይደለም፤ ስለ ሰውየው የተሰጠ ምስክርነት ነው። ምስክርነት ስለ ኾነም ሦስት ሰዎች በአደራ ይይዙታል። የሚጽፈው ጸሐፊ አንድ አኃዝ ቢያሳስት የአንድ ቤተሰብን እንጀራ ሊነሣ እንደሚችል ዐውቆ በጥንቃቄ ይጻፍ፤ ስሕተት ሲነገረውም ሳይውል ሳያድር ያርም። የሚያነበው አበዳሪ ቁጥሩን አይቶ ብቻ አይፍረድ፤ ሰውየውን ጠርቶ ይስማው። የሚጻፍበትም ሰው ስሙን ለሌላ ሰው እጅ ትቶ አይተኛ፤ ይጠይቅ፣ ያንብብ፣ የተሳሳተውን በማስረጃ ያሳርም፣ እውነት የኾነውን ደግሞ በሥራው ያሻሽል። ነገ በጧት ለዚህ ሥራ የሚነሣ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ የቈዩትን ደረሰኞች ከያሉበት ይሰብስብ።